የመብራት ፈቃድ በለንደን በኩል

ለክቡር አድሚራል ሞርትሌክ፣
በኒውፋውንድላንድ የጦር ወደባችን የበላይ አዛዥ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ጉልበትዎ፣ የምግብ ፍላጎትዎ፣ በተለይም እንቅልፍዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ መርከቦችን ከዓለት የሚያስጠነቅቀው የስኩሊ ኮቭ የባሕር መብራት ጠባቂ ኬዚያ ፑደስተር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ወንድሜ አምብሮዝ ግን እንደሚያውቁት ሞቷል፤ ይህን ደብዳቤ በዓሣ ነጋዴው በር ላይ የለጠፍኩትም ስለዚሁ ላመሰግንዎ ነው።

አንደኛ፣ በዚህ ጦርነት መርከቦቹን እናንተ እንግሊዞች፣ መብራቱን ደግሞ አሜሪካኖች እንድታዝዙ ሥራውን እንደ ወንድማማች ስለተካፈላችሁ፣ ለጠላት መርከብ እንዳይታይም ያለ ፈቃድ እንዳላበራ ጠመንጃ የያዘ አሜሪካዊ ዘብ ደጄ ላይ ስለቆመልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። አንዳችሁ ሌላውን ለመጠየቅ ስትፈልጉ ጥያቄው በለንደንና በዋሽንግተን ዞሮ መምጣቱ የክብራችሁን ልክ ያሳያል። ቢሮዎቻችሁ በአንድ ኮሪደር ፊት ለፊት መሆናቸውን ስሰማ ክብሩ ይበልጥ ገባኝ።

ሁለተኛ፣ በዚያ የበረዶ ማዕበል የወንድሜ መርከብ ከዓለቱ አጠገብ ጥሩምባዋን እየነፋች ስትንገላታ ደውዬ መብራቱን ላብራ ብዬ ብለምን፣ መኮንንዎ በጨዋ ደንብ፣ «እመቤቴ፣ መብራቱ የአሜሪካኖቹ ነው፤ እኔ ምን አገባኝ?» አለኝ። አሜሪካኖቹም መርከቧ የእንግሊዞች ስለሆነች እነሱ በደንቡ ይጠይቁን አሉ። ስልኩን ሳልዘጋ ጥሩምባው ጸጥ አለ። አንጀቴ አርሯል፤ ለዚህ የሚሆን ጨዋ ቃል ስላጣሁ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ።

ሦስተኛ፣ ፈቃዱ በሳምንቱ በማኅተም አጊጦ ደርሶኛል። በዚያው ብርሃን የአምብሮዝን ሬሳ ከዓለቱ ሥር ስላገኘነው፣ ፈቃዱ ከንቱ ቀረ ለሚሉ ሐሜተኞች ጆሮ አይስጡ።

ሹመትዎ እንዲረዝም፣ ማዕድዎ እንዲሞላ፣ ደንብዎም እንዳይጓደል እየተመኘሁ፣
አንድ ወንድም የነበራት ታዛዥዎ፣
ኬዚያ ፑደስተር

ማስታወሻ፦ ዛሬ ጠዋት መኮንንዎ ደውሎ፣ ነገ ማታ ክቡርነትዎ ከአሜሪካኑ አዛዥ ጋር ለእራት ግብዣ በጀልባ በዚህ ስለምታልፉ መብራቱ እንዲበራ ሁለታችሁም በቃል እንደተስማማችሁ ነገረኝ። ደንብ አፍርሰዋል ብሎ ማንም እንዳያማዎ ስለሰጋሁ ጥያቄውን በለንደን በኩል ልኬዋለሁ። ዘቡም የታዘዝኩት እንዳታበሪ ነው እንጂ እንድታበሪ አይደለም ብሎኛል። መልሱ እንደደረሰ አበራለሁ። ዓለቱ ያው ቦታው ላይ ነው።