ከአላስካ የተጠበቀው ድምፅ

ዊሎ ፎርክ፣ ኦገስት 12

ውዷ ልጄ ጆሊን፣

ከአላስካ ብርድ ጋር እንዴት ነሽ? በበጋም ሹራብ እንለብሳለን ያልሽኝ ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። እኛ ጋ በቆሎው ደርሷል፤ ሙቀቱ ግን አያስቀምጥም። እኔ ደህና ነኝ። አባትሽም ደህና ነው፤ ማለቴ፣ ይበላል፣ ይተኛል።

ለምክር ቤት ወንበሩ በተደረገው የፓርቲው ቅድመ ምርጫ ተሸንፏል። ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ነው። ፓርቲው በኖቬምበር የሚያቀርበው ከርቲስ ፔልን ነው።

ከቤት ስትወጪ የተናገርሽውን አልረሳሁትም። የገጠር ሆስፒታሎች ማዋለጃ ክፍሎች እንዳይዘጉ የሚያደርገው ረቂቅ ሕግ ለምክር ቤቱ ሲቀርብ፣ አባትሽ ፓርቲው እንዳዘዘው ተቃወመ። አንቺ ደግሞ እዚያው የእኛው ማዋለጃ ውስጥ ነርስ ነበርሽ። "የመረጠህ አፈ ጉባኤው ነው ወይስ እኛ?" አልሽው። ወደ አላስካም ሄድሽ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ስልኩን ስለማታነሺለት አልሰማሽም። ረቂቁ እሱ ቢቃወምም አለፈና አገረ ገዥው ውድቅ አደረገው። የአገረ ገዥውን ውሳኔ ለመሻር የምክር ቤቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልግ ነበር። አባላቱ ሊገቡ ሲሉ የፓርቲው ተጠሪ ዴል አባትሽን ኮሪደር ላይ ያዘው። ስብሰባውን ልከታተል ሄጄ አጠገባቸው ነበርኩ።

"ሃርላን፣ ዛሬ ብታፈነግጥ በቅድመ ምርጫው ሰው እናቆምብሃለን።"

"አቁሙ።"

"ምን ነካህ? ባለፈው ከእኛ ጋር አልነበርክም እንዴ?"

"ባለፈው ልጄ ከቤት አልወጣችም ነበር" አለውና ገባ።

ስሙ ሲጠራ "እደግፋለሁ" አለ። ያን ቀን እዚያ በነበርሽ! ግን አልበቃም። ጥቂት ድምፅ ጎደለ፤ ማዋለጃውም ተዘጋ። ባለፈው ወር የጎረቤታችን የሉተር ምራት መንገድ ላይ፣ መኪና ውስጥ ወለደች። ደግነቱ ሁለቱም ተረፉ።

ዴልም እንዳለው ከርቲስን አቆመበት። ከርቲስ አባትሽን የቀደመው በትንሽ ነው። ሰዉ ሁሉ "በቃ፣ ሽንፈትህን ተቀበል" ሲለው "በፖስታ የሚመጡት ድምፆች ሳይቆጠሩ አይሆንም" ብሎ ድርቅ አለ። ከርቲስ በሬዲዮ "ሽማግሌው ከወንበሩ ጋር ተሰፍቷል" ብሎ ቀለደበት። እኔም እልህ መስሎኝ ተቆጣሁት።

ፖስታ መቀበያው ሊዘጋ ሲል የካውንቲው ምርጫ ቢሮ ሄድን። ኃላፊዋን ግሌንዳን ስንት ድምፅ እንደመጣለት አልጠየቃትም።

"ለማን እንደሰጠች አይደለም የምጠይቅሽ" አላት። "ከአላስካ የልጄ የድምፅ ፖስታ መጥቷል?"

ግሌንዳ ፈልጋ ተመለሰች። "አልመጣም፣ ሃርላን።"

አመስግኗት ባርኔጣውን አደረገ። መኪናው ውስጥ እንደገባን ለከርቲስ ደወለና እንኳን ደስ አለህ አለው።

አሁንም እዚህ የተመዘገብሽ መራጭ ብትሆኚም፣ ድምፅሽን ባለመላክሽ አልፈርድብሽም፣ ልጄ። የተቆጣሽው ያለ ምክንያት አይደለም። ይህን እንደጻፍኩልሽም አያውቅም።

እግዚአብሔር በሄድሽበት ይጠብቅሽ። በእጆችሽ ወደዚህ ዓለም የሚመጡትን ሕፃናት ሁሉ ይባርክልሽ። ሲመችሽ ደውይ። አባትሽ አሁን ስብሰባ ስለሌለበት ቀኑን ሙሉ ቤት ነው፤ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከእኔ ቀድሞ ይነሳል።

የምትወድሽ እናትሽ፣
ቨርና