አባባ አውሮፕላን ሲጠብቅ

ይድረስ ለእቴ፣ በሁለት ዓመት ቀድመሽኝ እንደ አያት ለምትቆጪኝ፤

እንደምን ከርመሻል? ሙቀቱስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ዘንድ ጉና ውርጩን እየላከብን ነው፤ ጠዋት ጠዋት ገለባው ጨው የነሰነሱበት ይመስላል። ትንሽ ሙቀት በፌስታል ቋጥረሽ ብትልኪልን ምን ነበረበት? እኔ ስምንተኛ ክፍል ሁለቴ ገብቼ ሁለቴም ስለጣለኝ ተኳርፈናል፤ የፊደል ግድፈቴን እንዳትቆጥሪ።

አሁን ተቆጪ። ኅዳር ላይ በስልክ፣ «ማዳም ፈቃድ ከልክላኛለች፣ ለገና አልመጣም፤ ለአባባ ቀስ ብለህ ንገርልኝ» ብለሽኝ ነበር። ነግሬዋለሁ አልኩሽ። አልነገርኩትም።

ልነግረው አውድማ ድረስ ሄጄ ነበር እኮ። ደበሎውን ለብሶ ገብስ ይጠብቃል። አፌን ሳልከፍት «እቺ ልጅ በየት በኩል ነው የምትመጣው?» አለኝ። ፊቱን ሳየው ከወሬው ቀልዱ ቀድሞ ወጣ። ሰማይ ላይ አንዲት መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ስታልፍ፣ «በእንደዚያች ነው! የገና ዋዜማ በላያችን ስታልፍ መብራቱን ሦስቴ ታጠፋልሃለች፤ ሹፌሩን አስፈቅዳለች» አልኩት። «አንተ ውሸታም!» ብሎ ሳቀ። ያላመነኝ መስሎኝ ነበር።

ገብሱ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላም አውድማው ላይ ማምሸቱን አልተወም። ምን ላድርግ፣ እሱን ማሞቅ ሥራዬ ሆነ። ጠፍጣፋ ድንጋይ ከእሳት አውጥቼ በጨርቅ ጠቅልዬ እግሩ ሥር፤ ገለባ ከወገቡ በታች፤ ጋቢ ከደበሎው በላይ፤ ውሻውን ጉልበቱ ላይ። «ላሚቱንም አምጣና ጫንብኝ» ይለኛል። ኮከብ ስንቆጥር መቶ ሳልደርስ ይጠፋብኛል፤ እሱ «ይኸው ነው ስምንተኛ ክፍል!» ብሎ ይስቅብኛል። እቴ፣ እማማ ካረፈች ወዲህ እንደዚያ ሰሞን ተጫውተን አናውቅም። እውነቱን ብነግረው ቤት ይገባል፤ እኔ ደግሞ እንዲገባ አልፈለግሁም።

የገና ዋዜማ ደብረ ታቦር ከጓደኞቼ ከእነሙላቴ ጋር ስሳሳቅ መኪና አመለጠኝና እዚያው አደርኩ። ድንጋይ የሚያሞቅለት አልነበረም። ጎረቤታችን ጋሽ አለሙ ግባ ብለው ቢለምኑት፣ «ዛሬማ እንዴት እገባለሁ? ልጄ መብራት ስታጠፋ ማን ያይላታል?» አላቸው አሉ። በማግስቱ ገሥግሼ ስደርስ ያው አውድማው ላይ ነው፤ ደበሎው ላይ ውርጭ ተጋግሯል።

ሦስት ቀን አሳለው። በሦስተኛው ቀን ጠጋ በል ብሎኝ፣ «ሁለቴ አጠፋችልኝ። ሦስተኛውን እኔ እንቅልፍ ይዞኝ ይሆናል፤ አትቀየመኝ በላት» አለኝ።

ያኔም አልነገርኩትም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ልጽፍ ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ስልክሽን የማላነሳው ድምፄ ስለሚያሳብቅብኝ ነው። የሰፈራችን ልጅ መሠረት ወደዚያ ስትመለስ ይህን ሰጥቻታለሁ፤ ጎህ ሲቀድ እንድታደርስልሽ፣ ብቻዋንም እንዳትመጣ ለምኛታለሁ። አሁን ቀና በዪ። ያገር ልጆች ከብበውሽ ተቀምጠው የለም? በማለዳ ለምን እንደመጡ ጠይቂያቸው። እውነት መንገር ለእኔ አልሆነልኝም።

እግዚአብሔር በሰው አገር ደግፎ የሚይዝሽ ክንድ አያሳጣሽ። እኔንም ይቅር እንድትዪኝ ልብሽን ያራራልኝ።

ፀጉሩን የተላጨው ታናሽ ወንድምሽ