ገናዡ ያየው ጀርባ

ጌትዬ፣ የቤቴ ምሰሶ፣

ይኸው ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሞላ። ተዝካርህን እንደ አቅሜ አውጥቻለሁ፤ በእሱ አትቀየመኝ። ከቀፎዎችህ ሦስቱ ባዷቸውን ቀሩ፣ ንቦቹ ጥለው ሄዱ። አንዱ ግን አሁንም ንብ አለበት። ወንድምህ ማር እቆርጣለሁ ብሎ ቢቀርብ ነድፈውት ፊቱ አብጦ ሰነበተ። አንተ በባዶ እጅህ ስትገባ ዝም የሚሉህ ንቦች! ስቄበታለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። ልጃችን ትርሐስ ስምንተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ አረማመዷ አንተን ነው።

ደጉ ወሬ ይኼው ነው። ሌላው የሚያበግን ነው።

ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አራት ወር አስረው፣ ገርፈው የላኩህን ሰዎች ጉዳይ ይዤ መንግሥትን ከስሻለሁ። ወንድምህ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይለኛል። ሰማይ ልረስ አላልኩ፣ ባሌን ነው የምጠይቅ አልኩት።

በጦርነቱ ጊዜ፣ ያን ቀን ከፃግብጂ ገበያ ንብ ገዝተህ፣ ቀፎውን በአቡጀዲ ሸፍነህ ስትመጣ ነበር ኬላ ላይ ወታደሮች የያዙህ። ለጠላት ወሬ አቀባይ ነህ አሉህ። ምነው ጨርቁን ገለጥ አድርገው ባዩ፣ መልሱን ንቦቹ ይሰጧቸው ነበር። ከዚያ የእህል መጋዘን ውስጥ ዘጉብህ። ዳኛ ፊት አልቀረብክ፣ ክስ የሚባል አላየህ። እኔ ስንቅ ይዤ ስመላለስ አንድ ቀን እዚህ የለም፣ አንድ ቀን ነገ ነይ ይሉኝ ነበር።

ስትመለስ ሸሚዜን አላወልቅም አልክ። ጠበል እንኳ ከነሸሚዝህ ነው የገባህ። ጀርባህን ልይልህ ብዬ ለምኜ ለምኜ፣ ምንም የለም፣ ወድቄ ነው አልከኝ። ደም እየሸናህ ወድቄ ነው! ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህም እንቢ። እንዲሁ እንደ ደበቅከኝ በተመለስክ በስምንተኛው ወር አረፍክ።

ያኔ እኔም ሞኝነቴን ሠራሁ። የሞት ወረቀት የሚጽፈው ሰውዬ በምን ሞተ ቢለኝ፣ በሕመም አልኩት። እዚህ አገር የታሰረ ሰው መቼም አንድ ነገር አድርጎ ነው ይባላል፤ ስምህን መሸፈኔ ነበር። አሁን ያ ወረቀት እኔኑ ይመታኛል። ባመለከትኩ ቁጥር እሱን አውጥተው፣ ራስሽ በሕመም ብለሻል ይሉኛል። ምላሴን በቆረጠው!

አንዲት የሕግ ባለሙያ ነገሩን አስረድታኛለች። አገራችን ሰውን ማሰቃየት የሚከለክል የዓለም ውል ፈርማለች፤ ውሉ ጦርነት ነበር፣ አስቸኳይ ጊዜ ነበር፣ አለቃዬ አዞኝ ነው የሚል ምክንያት አይቀበልም አለችኝ። ጥርጣሬ ካለ መንግሥት ራሱ መመርመር አለበት፣ ተበዳይ እስኪለምነው አይጠብቅም። ካልሆነ የአፍሪካ አገሮች በጋራ ያቋቋሙት ሰሚ አለ፤ ግን መጀመሪያ የአገሩን በር ማንኳኳቴን ማሳየት አለብኝ። እስቲ ፍረደኝ ጌትዬ፤ መመርመር ያለበት እሱ፣ ምስክር አምጪ የሚለኝም እሱ!

ምስክር ከየት ላምጣ? የንስሐ አባትህ ያውቁ ይሆናል፤ የንስሐ ቃል አይወጣምና አልጠየቅኳቸውም። ጀርባህን በዓይናቸው ያዩት፣ አጥበው የገነዙህ አያ ኪሮስ ብቻ ናቸው። ገናዥ ደግሞ ያየውን ይዞ መቃብር ይወርዳል፤ ሥርዓታችን ነው። ሁለት ጊዜ ሄጄ ብለምናቸው የሬሳ ምሥጢር አላወጣም ብለው መለሱኝ። በሦስተኛው ተቆጣሁ። ትልቅ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እርስዎ የሸፈኑት የጌታሁንን ነውር ነው ወይስ የገራፊዎቹን? አልኳቸው። አፍሬ ወጣሁ፣ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ መልስ መቋሚያቸውን ይዘው መጡ። ሳጥበው ያወለቅኩለትን ሸሚዝ አምጪው አሉኝ። መደቡ ላይ በደረቱ አስተኙትና ጀርባውን በጣታቸው እየነኩ፣ እዚህ የሽቦ ነው፣ እዚህ የእሳት ነው፣ እዚህ ጎድኑ ተሰብሮ ያለ ወጌሻ የገጠመ ነው እያሉ አንድ በአንድ አሳዩኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አብሬህ ተኝቼ ቁስልህን ያየሁት በሸሚዝ ላይ ሆነ። ለምን ብቻህን ተሸከምከው? ተቀይሜሃለሁ፣ እውነቴን ነው። አያ ኪሮስ ሲጨርሱ፣ እኔ የሟችን ነውር ነበር የምሸፍን፣ ይኼ የሱ አይደለም አሉ።

በማግስቱ ክሴ ወዳለበት ቢሮ አብረን ሄደን፣ እሳቸው ቃላቸውን ሰጥተው ፈረሙ። የተቀበለን ሰው ፋይሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ፣ ጠብቁ፣ እንጠራችኋለን አለ። ይኼን ቃል ስንት ጊዜ ሰማሁት! ካልጠሩኝ እንቢታቸውን በጽሑፍ ይስጡኝ፤ እሱን ይዤ ወደ ላይ እሄዳለሁ። እኔ ብደክም ትርሐስ አለች።

ከዚያ ስወጣ የሞት ወረቀትህ ወደ ተጻፈበት ክፍል ገባሁ። ሰውዬው ያው ነው። ይስተካከልልኝ አልኩት። በምን ሞተ ይባል? አለኝ። ተገርፎ አልኩት። እንደዚያ ተብሎ አይጻፍም አለ።

እስኪጻፍ ድረስ፣ ጌትዬ፣ በየገበያው ቀን እዚያው በር ላይ ቆሜ ሞትህን በስሙ እጠራዋለሁ። እኔ አንተን የማስታውስህ እንዲህ ነው።

ባለቤትህ