ስለ ጋሼ ካርታ ግማሽ ጺም

ለተከበሩ የከተማችን አስተዳደር የጸጥታና ሥርዓት ማስከበሪያ ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለእንቅልፍዎ፣ እንዲሁም በዚህ ግራ በተጋባ ወር ከተማዋን ሲጠብቁ ለከረሙት ሁለት ዓይኖችዎ ያለኝን መልካም ምኞት በትሕትና አቀርባለሁ። እኔ በአውቶቡስ ማዞሪያው ፊት ለፊት ባለችው አንድ ክፍል ሱቅ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ጸጉርና ጺም ሳስተካክል የኖርሁ ዜጋ ነኝ። የቀድሞው ምክር ቤት «አልወረድሁም»፣ አዲሱ ደግሞ «ተቀምጫለሁ» ብለው አገሩ ሁሉ ማንን እንደሚሰማ በጠፋበት ሳምንት፣ ቢሮዎ ብቻ የሚያደርገውን ያውቅ ስለነበረ ከአምስት ሰው በላይ በአንድ ቦታ መገኘትን ከለከለ። ስለዚህ ቁርጠኝነት ከልብ እያመሰገንሁ፣ ጊዜዎን የማይሻሙ ጥቂት ቅሬታዎቼን እነሆ።

አንደኛ፣ ስለ ቆጠራው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሱቄ ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፦ እኔ፣ ተራ የሚጠብቁት ጫማ ሰፊውና የአውቶቡስ ሹፌሩ፣ ወንበሩ ላይ ደግሞ ግማሹን ሰፈር ስላስተማሩ ሁሉም «ጋሼ ካርታ» የሚላቸው ጡረተኛው የጂኦግራፊ መምህር። የቀኝ ጉንጫቸውን ላጭቼ ወደ ግራው ልዞር ስል ሦስት ሥርዓት አስከባሪዎችዎ ገቡ። የቡድኑ መሪ በሩ ላይ ቆሞ በጣቱ ቆጠረንና ስምንት ሆንን። ግድግዳዬ ከዳር እስከ ዳር መስታወት መሆኑን ልብ ይበሉልኝ። ሰውየው ጥንቁቅ ነውና ደግሞ ቆጠረ፤ አሁንም ስምንት።

ጋሼ ካርታ አረፋው ከአገጫቸው እየተንጠባጠበ፣ «ልጄ፣ አራቱ እኮ መስታወት ውስጥ ናቸው» አሉት። «አባት፣ ሥራችንን አያስተምሩን» አላቸው። እሳቸውም፣ «እኔማ ሠላሳ አራት ዓመት አስተማርኩ፤ አንተ የዚያን ቀን ቀርተህ ነበር መሰለኝ» አሉ። ጫማ ሰፊው ሳቀ። ሳቁ የጫማ ሰፊው ቢሆንም የተወሰዱት ጋሼ ካርታ ናቸው፤ ከነአረፋቸው፣ ነጩ ጨርቄ አንገታቸው ላይ እንደታሰረ።

እንድፈርምበት የቀረበልኝን ቃለ ጉባኤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። «ስምንት ሰዎች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ሆነው ተገኝተዋል፤ አራቱ የሌሎቹን እንቅስቃሴ ሳያዛንፉ መከተላቸው አስቀድመው መሠልጠናቸውን ያመለክታል» ይላል። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያደነቀኝ ሰው አልነበረምና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጨርቄ። «ምንም ያልተጻፈበት ባነር» ተብሎ በማስረጃነት ተይዟል። እንዲመለስልኝ ስጠይቅ ገና ያልተጻፈው ነገር ምን እንደሆነ እየተጣራ መሆኑ ተነግሮኛል። አጣሪዎቹን እግዚአብሔር ያበርታቸው።

ሦስተኛ፣ ስለ ምላጬ። የሰው ፊት ግማሽ ላይ ትቶ መተኛት ለእኔ ቢጤ ባለሙያ ከባድ ስለሆነ በማግስቱ ሥራዬን ልጨርስ ወደ ጣቢያው ሄድሁ። በሩ ላይ የቆመው ዘብ «ስለት ይዘህ ወደ እስረኛ?» ብሎ መለሰኝ። ያለ ምላጭ ተመልሼ ብሄድ ደግሞ «ታዲያ ምን ልታደርግ መጣህ?» አለኝ። ሁለቱም ጥያቄዎች በየቀናቸው ትክክል ነበሩ።

በዚህ መካከል ጋሼ ካርታ አመለጡ የተባሉትን የአራቱን ሰዎች ስም እንዲያወጡ ይጠየቁ ነበር። ሐቀኛ ሰው ናቸውና የአራታችንንም ስም ጻፉ፤ የቀሩትን ሲባሉ እነዚያኑ አራት ስሞች ደግመው፣ ከቀኝ ወደ ግራ ጻፉ። እዚህ ላይ ነው፣ ክቡር ሆይ፣ ቅሬታዬን መቁጠር የሚያቅተኝ። በዘጠነኛው ቀን ሲፈቱ ያየኋቸው እኔ ነኝ። ጺም ብዙ ነገር ይሸፍናል፤ እኔ የላጨሁት ጎን ግን የሚሸፍንበት ነገር አልነበረውም፤ አራት ጣት ከነአውራ ጣቱ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። የባለቤታቸው ዓይን ከደከመ ቆይቷል። ጋሼ ካርታ ቤት ሲገቡ ባለቤታቸው ፊታቸውን በእጃቸው ዳሰሱና «ይሄ ጎን ለምን ያብጣል?» አሉ። ጋሼ ካርታ «ጥርሴን አሞኝ ነው» አሉ። እኔ ደጁ ላይ ቆሜ ሰማሁ። ለሠላሳ አራት ዓመት ተማሪ እንዳይዋሽ ሲቆጡ የኖሩ ሰው የዋሹት ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ምላጬን ወደ ግራው ሳስጠጋ እጄን ያዙኝ። «ተወው። ለምን እንደታሰርኩ ወረቀት ይስጡኝና ያኔ ትጨርሰዋለህ፤ ቀኙን ግን እንዳታሳድግብኝ» አሉ። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ቀኑ ቀኙን እላጫለሁ፤ እሳቸውም በየጠዋቱ ቢሮዎ ሄደው በሦስተኛው መስኮት ወረቀታቸውን ይጠይቃሉ። ጸሐፊዋ «ነገ» ትላቸዋለች፤ እሳቸውም አመስግነው ይመለሳሉ።

በሳምንቱ ጫማ ሰፊው መጥቶ «ቀኙን ብቻ» አለኝ። ሹፌሩም ተከተለ፤ በአውቶቡሱ የሚሄድ ሁሉ አየው። እስከ ዓርብ ድረስ ወረፋው ውጭ ደርሶ ነበር፤ መመሪያዎን አክብረን አራት አራት ሆነን ነው ያስገባናቸው። ከዚያ «የነዋሪዎች ፊት ሁለት ጎን አንድ ዓይነት ይሁን» የሚለው ማስታወቂያዎ በሬ ላይ ተለጠፈ። ለማስፈጸም ዝግጁ ነኝ፤ ማብራሪያ ብቻ እሻለሁ። በልጅነቱ ተቃጥሎ አንድ ጉንጩ ጺም የማያበቅለው መድኃኒት ሻጭ ከልጅነቱ ጀምሮ ተቃዋሚ ነበር ማለት ነው?

ክቡር ሆይ፣ የምንጠይቀው ግማሽ ገጽ ወረቀት ነው። «በስህተት ተይዘዋል፣ በስህተት ተመትተዋል» የሚል፣ ማኅተም ያለበት። ያን ለጋሼ ካርታ ቢሰጧቸው የከተማው ጺም በአንድ ቀን ይስተካከላል፤ ለዚህም እኔ በሙያዬ ዋስ ነኝ።

በሁለቱም ጉንጮችዎ ሰላም እንዲሰፍን እየተመኘሁ፣ ላላሰሩኝ ቀናት ሁሉ የውለታ ባለዕዳዎ ሆኜ እቀራለሁ፣

የማዞሪያው ጸጉር አስተካካይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወደ ሱቄ የሚገባውን እየቆጠረ እንዲመዘግብ ከሰኞ ጀምሮ ከመንገዱ ማዶ ያቆሙት ሰው፣ ይህን ደብዳቤ ስጽፍ ደብተሩን ከውጭ አስቀምጦ ገባና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። «እኔንም አስተምረውኛል» አለ፤ ከዚያም ቀኝ ጉንጩን አዞረልኝ። የዛሬው መዝገብ አንድ ሰው ቢጎድልብዎ እሱ ነው።