ቬልማ ብቻዋን የሠራችው አምባር

ውድ ሎሬታ፣

ከፍላግስታፍ ከተማ የምጽፍልሽ ደስታው ሳይበርድልኝ ነው። እንደምታውቂው ቬልማ ዕድሜዋን ሙሉ ቱርኳዝ የተባለውን ሰማያዊ ድንጋይ ስትሞርድ፣ ብሩን የሚሠራው ባሏ ኤልሮይ ነበር። ዓይኑ ስለደከመ የዘንድሮውን አምባር ብሩንም ድንጋዩንም ብቻዋን ሠርታ ለውድድር አቀረበች። የፈራችው ግን ከዳኛው ይልቅ ባሏን ነው። ኤልሮይ አምባሩን አልነካም ብሎ፣ ወደዚህ ስንመጣ መንገዱን ሙሉ "አንቺ ሴት፣ ከብሩ ይበልጥ ጣትሽን ነው የበየድሽው!" እያለ ሲያበሽቃት ነበር።

ዳኛው አምባሩን በአጉሊ መነጽር አገላብጦ አየና ለኤልሮይ አቀበለው። "የእርስዎ ብር እንደ ወትሮው ንጹሕ ነው" አለው። ኤልሮይ በአውራ ጣቱ ቀስ ብሎ ዳበሰው። ብሩ አልቆ ድንጋዩ የሚጀምርበትን ጠርዝ ፈልጎ አጣው።

"የእኔ አይደለም፣ የሷ ነው!" አለ ጮክ ብሎ። "እኔ ዘንድሮ የሠራሁት ጭቅጭቅ ብቻ ነው።"

አንደኛ ወጣች፣ ሎሬታ! እኛው ዘንድ ዙኒ ቢሆን ኖሮ መንደሩ እራት ይዞ ቤቷን ይሞላው ነበር፤ እዚህ ያገኘነው ጭብጨባ ብቻ ነው። ፖስት ካርዱ ስለጠበበኝ እዚህ ላብቃ። እናትሽን ሳሚልኝ፤ የምድጃ ዳቦ ጋግራችሁ ጠብቁን፣ ኤልሮይም ርቦታል።

በርኒስ