ከትንበያው ውጭ ላለው ጭነት ቦታ ስላስከበሩት ስለ ዶክተር ራሊትሳ ቡኖቫ ዕረፍት የተሰጠ መግለጫ

የቫርና ወደብ ጫኞችና የጭነት ዕቅድ ሠራተኞች ማኅበር የሒሳብ ባለሙያዋን ዶክተር ራሊትሳ ቡኖቫን ማርች 9 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በ58 ዓመታቸው በሞት ተነጥቋል። ማኅበሩ በእጅጉ አዝኗል። ተቆጥቷልም፤ ቁጣውን አይደብቅም።

በ2009 የዩኒቨርሲቲ ማስተማራቸውን ትተው ወደ ወደቡ የመጡት ማንም ላልደፈረው ችግር ነው። ዕቃ አንድ በአንድ ይገባል፤ የትኛው መኪና ላይ እንደሚጫን ወዲያው ይወሰናል፤ አንዴ የተጫነ አይወርድም። ቀጥሎ ምን ዕቃ እንደሚመጣ ኮምፒዩተር ይተነብያል፤ ይሳሳታልም።

በ2014 ያወጡት የአጫጫን ቀመር ትንበያውን ይጠቀማል፤ ከየመኪናው ሩቡን ቦታ ግን እስከ መጨረሻው ላልተጠበቀ ጭነት ይጠብቃል። ትንበያው የቱንም ያህል ቢስት ጉዳቱ ከተወሰነ ልክ እንደማያልፍ በሒሳብ አረጋግጠዋል። ጭነቱን የሚያስተዳድረው ኩባንያ «ባዶ ቦታ ኪሳራ ነው» ብሎ ቀመሩን አስቆመው።

ኖቬምበር 2017፣ ጎርፍ አካባቢውን ባጥለቀለቀበትና የእርዳታ ዕቃ ይጫን በነበረበት ዕለት፣ ዶክተር ራሊትሳና የጫኞች አለቃ አቶ ያንኮ ቴርዚስኪ ቀመሩን ያለ ፈቃድ ወደ ሥራ መለሱት። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ስልክ ደወለ። «ፕሮግራሙ የሚመጣው ብርድ ልብስ ብቻ ነው ብሏል፤ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ሙሉት!»

«ፕሮግራሙ ያለውን ይበል፤ እኔ የምጭነው በበሩ የሚገባውን ነው» አሉት ዶክተር ራሊትሳ።

ከሰዓት በኋላ ማንም ያልተነበያቸው አራት የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ደረሱ። የሌሎቹ መጋዘኖች መኪኖች ሞልተው ሄደዋል። ሞተሮቹ የተጫኑት በእኛ መኪኖች ላይ ነው፤ ምድር ቤቱ በውኃ የተዋጠው ሆስፒታልም ውኃው ተስቦለት መብራቱ ሳይጠፋ አደረ።

ለዶክተር ራሊትሳ የተሰጣቸው ሽልማት የሁለት ወር የሥራ እገዳ ነበር፤ «ትእዛዝ በመጣስ» ይላል ደብዳቤው። እንዲሰረዝ አምስት ጊዜ ጽፈናል። ከእንግዲህ አንለምንም።

በ2020 ስለ ቀመሩ ያዘጋጁት ጥናት ሊታተም ሲል የመጽሔቱ አዘጋጆች አብረዋቸው ያጠኑ የሦስት ጫኞች ስም ከደራሲዎቹ ዝርዝር እንዲወጣ ጠየቁ። «እነሱ ከወጡ እኔም እወጣለሁ» ብለው መለሱ። ጥናቱ በአራቱም ስም ታተመ።

ኩባንያው በቀብሩ ላይ ንግግር ላድርግ ብሏል። ልጃቸው ወይዘሪት ዲልያና «መጥተው ይቁሙ፤ አፋቸውን ግን እንዳይከፍቱ» ብላለች። ማኅበሩ ቃሏን ያስከብራል።

ለባለቤታቸው ለአቶ ስፓስ፣ ለልጃቸውና ለሥራ ባልደረቦቻቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። መኪኖች ሙሉ በሙሉ በትንበያው እንዲጫኑ የሚያዘው የኩባንያው አዲስ መመሪያ ከሰኞ ጀምሮ ይሠራበታል ተብሏል። አባሎቻችን አይሠሩበትም። ሰኞ ጠዋት በዶክተር ራሊትሳ ቀመር እንጭናለን፤ ሊያግደን የሚፈልግ ሁለት መቶ አሥራ አራታችንንም ያግድ።