ለአባቴ፣ ስለ እግር መደገፊያው ጥናት

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

እንዴት ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? አሁንም ደረጃ ሲወጡ ግድግዳ ይደገፋሉ? እማዬን ሳሉ ለቀቃት? እኔ ደህና ነኝ፤ የሚጠዘጥዘኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው። «ከአለቃሽ አትጋጪ፣ ሆድ ከአገር ይሰፋል» ብለው የጻፉልኝ ደርሶኛል። አንብቤ ሳምኩት፤ ግን አልታዘዝኩም። ለምን እንደሆነ ልንገርዎ።

አምና የሕፃናት የትንፋሽ ማለማመጃ ሐሳቤን የክፍላችን ኃላፊ፣ ያ ሐኪም፣ ስብሰባ ላይ የራሱ አድርጎ እንዳቀረበው ያውቃሉ። ስጠይቀው እናንተ እጅ ናችሁ፣ ማጥናት የሐኪም ሥራ ነው አለኝ። ዘንድሮ ሆስፒታሉ ሐኪም ላልሆንነው ለፊዚዮቴራፒስቶች፣ ለንግግር ሕክምናና ለምግብ ባለሙያዎች ምርምር የምታስተምር ሴት ቀጠረ። ቢያዩዋት! ቁመቷ ከትከሻዬ አያልፍም፣ ድምጿ ግን ኮሪደሩን ይሞላዋል። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ የተሰበሩ ዊልቸሮች በሚከማቹበት ክፍል ትሰበስበናለች። የሚያጠናው ጥያቄ ያለው ሰው ቆሞ ያስረዳል፤ ሲጠየቅም ማንም በእሱ ፈንታ አይመልስም፣ አለቃም ቢሆን። የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ ፈርታ አልነሣ ስትል፣ «የስንቱን ልጅ አንደበት ፈትተሽ የራስሽን ታስሪያለሽ?» አለቻት። በሳቅ ተነሣች፤ ዛሬማ ማን ይቻላታል!

የእኔ ጥያቄ እግራቸው ለተጣመመ ልጆች በእጄ ስለምሠራው የፕላስቲክ መደገፊያ ነበር፤ ቤታቸው ሲገቡ ያደርጉታል ወይ? እናቶቹን ጠየቅሁ፣ ሁሉም ቀኑን ሙሉ ያደርጉታል አሉኝ። ጮቤ ረገጥኩ። ኃላፊው ይህን ሲሰማ ጥናቱ በእሱ ስም እንዲወጣ፣ እኔም ረዳት ተብዬ እንድጻፍ ፈለገ። አስተማሪዬ ግን ውጤቱን አይታ፣ ስትጠይቂያቸው ምን ለብሰሽ ነበር አለችኝ። ነጭ ጋውን፣ እዚያው መደገፊያውን በሠራሁበት ክፍል፣ አልኳት።

«ታዲያ አብሳይዋ ራሷ ወጡ ጣፈጠ ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ ማን አልጣፈጠም ይላታል?» አለችኝ።

እንደ ገና ጀመርኩ። መደገፊያ ሠርታ የማታውቀው የምግብ ባለሙያዋ ያለ ጋውን መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ከእናቶቹ ጋር ተቀምጣ፣ ልጁ ከእንቅልፉ ከነቃ ጀምሮ ምን እንደሚያደርግ ብቻ ታስወራቸው ጀመር። ወሬው ሲከፈት እውነቱ ወጣ። መደገፊያው ተረከዛቸውን ስለሚልጠው፣ የሚበዙት ልጆች ቁርስ ሳይበሉ ያወልቁታል። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ።

ኃላፊው ግን እንዲህ ያለ ነገር የሐኪም ስም አይሸከምም፣ ካሻሽ ብቻሽን አቅርቢው አለኝ። በጎው ወሬ የእሱ፣ ክፉው የእኔ! የሥራ ውሌ የሚታደስበት ወር ስለነበር ጓደኞቼ ዝም በይ፣ እንጀራሽን በገዛ እጅሽ አትድፊው አሉኝ። አስተማሪዬ ቅረቢም ቅሪም አላለችኝም። መደገፊያው እንዳልሠራ ማወቅም ማወቅ ነው ብላ፣ የምናገረውን እየደጋገመች ስታለማምደኝ ዋለች። እንዲህ ያለ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም።

የማቀርብበት ቀን ሐኪሞቹና ባለሙያዎቹ አዳራሹን ሞልተው ቆዩኝ። «ይህ ጥናት የእኔ ነው፤ ልጆቹን የሚልጠውን መደገፊያ የሠራሁትም እኔ ነኝ» ብዬ ጀመርኩ። ስጨርስ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር የመደገፊያው ተረከዝ ተሻሽሎ እንደ ገና ይጠና ዘንድ ፈቀደችና ማን ይመራዋል ብላ ጠየቀች። ኃላፊው ጉሮሮውን መጠራረግ ሲጀምር «እኔ» አልኩ። ዳይሬክተሯም የእኔን ስም ጻፈች። ውሌም ታደሰልኝ።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ መድኃኒቷን እንዳትደብቅ። ታላቅ ወንድሜ ጺሙን ይላጭ፣ ፎቶው አስደንግጦኛል። አክስቴን ስለ ትዳር ለምትልክብኝ ጥያቄ ጥናት ላይ ነኝ ይበሉልኝ። ታናሽ እህቴን፣ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች የምታቀረቅረውን፣ እጅሽን አንሺ ብላሻለች ይበሉልኝ።

አክባሪ ልጅዎ

ከሕፃናት ሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ፊዚዮቴራፒ ክፍል
ግንቦት 14 ቀን